ሲጋር መሸጫ ቤት የገባ ጀማሪ

ሲጃራና ሲጋር በስም ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ በአሠራር ይለያያሉ። ሲጃራ የሚባለው የተከተፈ ትምባሆ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ከፋብሪካ የሚወጣው ነው። ደኅናው ሲጋር ግን ወረቀት የለውም፤ ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። በመካከል የሚታጠፉት ቅጠሎች ሆዱ ናቸው፤ እነዚያን አጥብቆ የሚይዘው ሌላ ቅጠል እንደ መቀነት ይኾናል፤ ከሁሉም በላይ ጠባሳ የሌለውና የለሰለሰ ቅጠል ይለብሳል። ይህን የሰማ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ «እንግዲያማ የላይኛው ቅጠል እንደ ጥበብ ነው፤ ዓይን የሚስበውም ዋጋ የሚያወጣውም እርሱ ነው» ቢል አልተሳሳተም።

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ሰዎች ኩባ ሲደርሱ፥ የአገሩ ተወላጆች የተጠቀለለ ቅጠል አቀጣጥለው ጢሱን ሲስቡ አይተው ተደነቁ። ዛሬም ሲጋር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የኩባ ስም ነው። ኩባ ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለችም፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ወታደሮቿ ከኢትዮጵያውያን ጎን ተሰልፈዋል፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን ልጆች «የወጣቶች ደሴት» በተባለው ስፍራ ተምረዋል።

የሃቫና ሲጋር ጠቅላዮች አንድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በፋብሪካዎቻቸው ውስጥ ሥራው ማንበብ ብቻ የኾነ ሰው ይቀመጣል። እጃቸው ቅጠል ሲጠቀልል ጆሯቸው ጋዜጣና ልብ ወለድ ይሰማል። «ሞንቴክሪስቶ» የተባለው ዝነኛ ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ መጽሐፍ እንደ ኾነ ይነገራል።

እንግዲህ አንድ ጀማሪ በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ዕቃ ወደሚሸጥ መደብር ገባ እንበል። በመጀመሪያ የሚቀበለው የቤቱ አየር ነው። ቅጠሉ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ፥ ረጥቦም እንዳይሻግት፥ የክፍሉ እርጥበት 70 ከመቶ ገደማ ኾኖ ይጠበቃል፤ መደርደሪያውም ብዙ ጊዜ ከዝግባ እንጨት ይሠራል። ቀጥሎ ሻጩ «ከዚህ በፊት አጭሰው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጀማሪው እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ዐዋቂ ለመምሰል ጥቁሩንና ወፍራሙን ያነሣ እንደ ኾነ ገንዘቡም ይባክናል፥ ራሱም ይዞርበታል። «አላውቅም» ያለ ግን አነስ ያለና ለስላሳ ይሰጠዋል። ጥቁር የኾነው ኹሉ ኀይለኛ፥ ነጣ ያለውም ኹሉ ለስላሳ አለመኾኑንም ያን ጊዜ ይማራል። ሳይገዙ እያነሡ መጫን ነውር ነው። ጫፉ በጥቂቱ ይቆረጣል፤ እሳቱ በዝግታ ይለኰሳል፤ ጢሱ በአፍ ይያዛል እንጂ አይዋጥም።

ጢሱ አይዋጥም መባሉ ግን ብዙውን ሰው ያታልላል። የሲጋር ጢስ ሳይዋጥም ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር በውስጡ የሚይዘው ትምባሆ የአንድ ሙሉ ፓኬት ሲጃራ ያህል ሊኾን ይችላል። የአፍ፥ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ የክብር ዕቃ ነው ብሎ የሚምረው ሰው የለም።

በአገራችን የትምባሆ ታሪክ ከሲጋር በፊት የጀመረ ነው። ሱረት በአፍንጫ ይሳብ ነበር። በደቡብ፥ በተለይም የብዙ ሸማኔዎቻችን አገር በኾነው በጋሞ ደጋ፥ ውሃ ባለበት ቅል የሚጨሰው ጋያ የታወቀ ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ጉዳቱን አያጥበውም። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው እንደ ነበር፥ ቅጣቱም በከንፈርና በአፍንጫ ላይ እስከ መድረስ እንደ ከበደ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ትምባሆ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ኾነ፤ «ትምባሆ ሞኖፖል» የሚለውም ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ ተለመደ። ኒያላ የተባለው ሲጃራ የወጣው ከዚሁ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ድርሻውን ከ70 ከመቶ በላይ አደረሰ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ የሚያስበው ዛሬ ስለሚያጨሱት ብቻ ነው ብሎ መገመት የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ዐዋቂ ሕዝብ 5 ከመቶ ያህል ነበርና፥ ገበያው ገና ያልያዘው ሰው ብዙ ነው።

የጉለሌው ጀማሪ የሚገባበት ቤት የዝግባ መደርደሪያ የለውም። ከሰፈር ሱቅ ደጃፍ ይቆማል፤ ማስቲካውና ክብሪቱ ከተደረደረበት አጠገብ ሲጃራ አለ። «ጋሼ፥ አንድ ፍሬ ይስጡኝ» ይላል። ለማን እንደ ኾነ ከተጠየቀ «ለአባባ ነው» ማለትን ያውቅበታል። የሃቫናው ሻጭ «ከዚህ በፊት አጭሰው ያውቃሉ?» ይላል፤ የእኛው ባለሱቅ ሳንቲሙን ተቀብሎ ዝም ያለ እንደ ኾነ ግን ልጁን ማንም ሳይጠይቀው ጀማሪነቱ አለፈ ማለት ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን፥ ትምባሆን ማስተዋወቅን፥ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም ማጨስን ከልክሏል፤ የፓኬቱም 70 ከመቶ ገጽ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲይዝ አዟል። ነገር ግን ፍሬውን ነጥሎ የሚገዛ ልጅ ፓኬቱን አይዘውም፤ ሥዕሉ ከባለሱቁ ጋራ ይቀራል። ስለዚህ በሱቁ ደጃፍ ማስጠንቀቂያው ባለሱቁ ራሱ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው። ጉለሌ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ ሱቆቹም በየመንገዱ አሉ። ከሱቁ እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ በእግር አጭር ቢኾንም ትምባሆ ሰውን ይዞ የሚሄደው በዝግታ፥ በ20 እና በ30 ዓመት ነው፤ በዚህም የተነሣ ማን እንዳስጀመረው የሚያስታውስ የለም።

ዕድሜው የደረሰ ሰው ሲጋርም ይግዛ ሲጃራ፥ የሚገዛውን ዐውቆ ይግዛ፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ለልጁ ግን የሰፈሩ ባለሱቅ አባት ነው፤ ስሙን ያውቀዋል፥ እናቱንም ያውቃታል። «የኔ ልጅ፥ ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ የሚያጎድልበትም የአንዲት ፍሬ ትርፍ ብቻ ነው።