ከእንጀራው ወጡ ይቅደም

በፊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራ በአብዛኛው "ይቀንሱ" ማለት ነበር፤ እንጀራውን፣ ዘይቱን፣ ቡናው ላይ የሚደፋውን ስኳር። ዛሬ እስራኤል፣ ናታንያ ውስጥ ከማማክራቸው ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን መካከል ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪ ወይም ማውንጃሮ የሚወጉትን "እባክዎ ይብሉ" ብዬ የምለምን ሆኛለሁ። መርፌው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጨጓራም የገባለትን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። ስለዚህ ጠዋት ቡና በዳቦ፣ ማታ ሁለት ሦስት ጉርሻ ይቀመስና ቀኑ ያልፋል። ሚዛኑ ሲወርድ ቤተሰቡ ይደሰታል። ደስታው ተገቢ ነው። ሚዛን ግን የሄደውን ስብና የሄደውን ጡንቻ ለይቶ አይናገርም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመው የሴማግሉታይድ ትልቅ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህሉን ቀንሰዋል። ሴማግሉታይድ ኦዜምፒክም ዌጎቪም ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ከተሳታፊዎቹ 140ዎቹ ሰውነታቸው በልዩ ራጅ ሲለካ፣ ከጠፋው ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ ያልሆነው ክፍል ሆኖ ተገኘ። በማውንጃሮው መድኃኒት በቲርዜፓታይድ ጥናት ድርሻው ሩብ ያህል ነው። ስብ ያልሆነው ሁሉ ጡንቻ አይደለም፤ ውኃም ሌላም አካል አለበት። ቢሆንም ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ለሚከዳቸው የ70 ዓመት እናት፣ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱም ቢሆን ብዙ ነው።

ይህን የምጽፈው መድኃኒቱን ለማጥላላት አይደለም። ማኅበረሰባችን በስኳር በሽታ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የሃዴራዋ ሐኪም ዶክተር አናት ያፌ የመሠረቱት ቴኔ ብሪኡት የተባለው ድርጅትም ለዓመታት የታገለው ከዚሁ ጋር ነው። በዘመቻ ሙሴም ሆነ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን የገቡት ወላጆቻችን በአብዛኛው ቀጫጭኖች ነበሩ። እዚህ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት ስኳር ይይዘዋል። ይህን ነገር ደጋግሜ የማነሣው በምክንያት ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ጎተራ ጡንቻ ነው። መጀመሪያውንም ብዙ ውፍረት የሌለው ሰው ጡንቻውን ካጣ፣ ስኳሩን ለማውረድ የጀመረው መድኃኒት ጎተራውን እያፈረሰበት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከሚዛኑ ቀጥሎ ወንበር አቀርባለሁ። "እማዬ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡልኝ" እላለሁ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጉልበቱ ደክሟል ማለት ነው። በአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያም ይህ የጡንቻ መድከም ምልክት ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ሰዓት ይዘው ሊሞክሩት ይችላሉ። ኪሎው እየወረደ ሰከንዱ ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ለጤና ድርጅቱ፣ ለኩፓት ሆሊም ተደውሎ ይነገራል።

አሁን ወደ ገበታው። መርፌ የሚወስድ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ የገባው ይይዘዋል። እኛ ደግሞ የምንበላው በእንጀራ ጠቅልለን ስለሆነ ቦታውን እንጀራው ቀድሞ ይወስደዋል። ወጡ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ ምስሩ መጀመሪያ ይበላ፣ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይከተል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 84 ግራም ይሆናል። ጠዋት ሁለት እንቁላልና ግማሽ ብርጭቆ ኮቴጅ ወደ 25 ግራም ይሰጣሉ፤ ቀን 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30፤ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ኩባያ ምስር 9፤ ማታ አንድ ጣሳ ቱና 25። ደረስን። ሽሮ የምንወደው ምግባችን ነው፤ ነገር ግን 30 ግራም የሽሮ ዱቄት ያለው ፕሮቲን 6 ግራም ገደማ ስለሆነ ብቻውን አያደርስም። ሥጋ ከተበላ በኋላ ወተት ነክ ነገር ስለማይበላ ኮቴጁን ጠዋት ላይ ማድረጉ ይቀላል። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ብዙዎቻችን ነንና ላክቶስ የሌለበትን ወይም እርጎ መሞከር ጥሩ ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን እንዳይጨምር አደራ እላለሁ። ዘይት የበዛበት ቁሌት ደግሞ በዚህ መድኃኒት ላይ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል።

"በሞቴ" ተብሎ የቀረበ ጉርሻን እምቢ ማለት ለእናቶቻችን ከባድ ነው። እምቢ እንዲሉም አልመክርም፤ ብቻቸውን ከሚበሉ ከሰው ጋር ቢጎርሱ ይሻላል። አጉራሾቹ ግን ይወቁ፤ እንጀራው ስስ፣ ውስጡ እንቁላል ወይም ሥጋ ይሁን።

ከምግቡ የባሰው የሰው አፍ ነው። በእኛ ዘንድ መክሳት የሕመም ምልክት ነው። ፊቷ የጎደለ ሴት ሰርግም ለቅሶም ላይ "ምነው ከሳሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?" ትባላለች። መርፌ እንደምትወስድ መናገር ታፍራለች፤ ሲሰለቻት ለማንም ሳትነግር ታቆማለች። ሴማግሉታይድ ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን እንደመለሱ በጥናት ታይቷል። ጡንቻ በመብላት ብቻ አይመለስም፤ የሚመለሰው ኪሎ በአብዛኛው ስብ የሚሆነውም በዚህ ነው። ማቆም የፈለገ ሰው ከሐኪሙ ጋር ያቁም፤ ጠያቂዎችም ስለ ፊቷ ከመጠየቅ በልታ እንደሆነ ቢጠይቋት እወዳለሁ።

ፕሮቲኑም ቢሆን ጡንቻው ካልሠራ ብቻውን አይበቃም። ጎንደር ገጠር እንስራ ያዘለች፣ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ሴት ጡንቻዋን ስለ መጠበቅ ማሰብ አያስፈልጋትም ነበር። እዚህ ውኃው ከቧንቧ ይቀዳል፣ ዱቄቱ ከሱቅ ይመጣል። አረጋውያኑ "ስፖርት የልጅ ነው" ይሉኛል። እኔም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያው ወንበር ላይ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ሊትር ተኩል ውኃ የያዘ ፕላስቲክ በእጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ግድግዳ መግፋት በቂ ጅምር ነው እላለሁ። በባሕሩ ዳር ገደል ላይ በተዘረጋው መንገድ መራመድ ለልብ መልካም ነው፤ ጡንቻ ግን ክብደት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዴንማርክ ጥናትም የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሊራግሉታይድን ከእንቅስቃሴ ጋር ያጣመሩት ሰዎች፣ አንዱን ብቻ ከያዙት ይልቅ ስባቸውን በደንብ እንደቀነሱ አሳይቷል።

የጾም ጊዜ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። በአስተስርዮም ሆነ በስግድ መጾም የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐኪሙን ያነጋግር፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ሌላ ክኒን ካለው። ሐኪሙ ከከለከለ ነገሩን ለቄሱ ቢነግር ልቡ ይረጋጋል። ለስግድ ከናታንያ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ደርሶ ለሰዓታት መቆም ለደከመ ጉልበት ቀላል አይደለም። የሚታጠፍ ወንበር ይያዝ። ቦርሳ ውስጥ ውኃና ሁለት ቅቅል እንቁላል ይቀመጥ፤ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ከዳቦው በፊት እነሱ ይበሉ።