ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ፦ የሸማኔው ረጅም ዓመትና አጭር በዓል

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፤ ቀስ በቀስ እየራቀ ይሄድና የሽመና ዕቃ ምት ይተካዋል)

ተራኪ፦ ነሐሴ ሲጋመስ ሽሮ ሜዳ መተላለፊያ ይጠፋል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ኩታውን፣ ጋቢውን እስከ ጣሪያ ሰቅለው ገበያተኛ ይጠራሉ። እናት ለልጇ የእንቁጣጣሽ ልብስ ትለካለች። የጥቅምትና የጥር ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ጥለት ይመርጣሉ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገር ለዕረፍት የመጡት ደግሞ ለራሳቸውም ለወዳጅም ሸምተው ሻንጣ ይሞላሉ።

ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንደሮች ውስጥ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ይወረውራል። የበዓሉ ሰሞን ለእሱ የዓመቱ ከባድ ወቅት ነው። አገሩ ሁሉ አዲስ ልብስ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ነውና።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ለበዓል እንዲያምርበት ሲለፋ ከርሞ ለራሱ ጥቂት ቀን ስለሚተርፈው ባለ እጅ፤ በዚያች ጥቂት ቀንም ለእናት ለአባቱ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ በገዛ እጁ ሠርቶ ስለሚያደርሰው ስጦታ።

(ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ)

ተራኪ፦ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ከሚኖሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ ይመዘዛል። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በሽመና ስሟ የገነነው ዶርዜ ናት። አገሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጉም የማይለየው፣ እንሰትና ቀርከሃ የሞላበት ደጋ ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ከአባት የተቆረሰው ማሳ ለወንድማማቾች ሁሉ አይዳረስም። በዚህ ምክንያት ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ የዶርዜ ወንዶች ሙያቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሄዶ ቤት ተከራየ፤ ወንድሙን ጠራ፤ ወንድሙ የእህቱን ልጅ አስከተለ። ዛሬ በከተማው ከሌላ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችም አሉ፤ ቢሆንም ዶርዜ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሸማ ነው።

ከተማው ልብሱን ወደደው፤ ሠሪውን ግን ለረጅም ዘመን አላከበረውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ አካባቢ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ አገር ያስለመደው ነውር ስለነበረ ነው። በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሸማኔዎች ዘንድ የዚያ ዘመን ቁስል አልሻረም።

(ድምፅ፦ የሽመና ዕቃው ምት ቀርቦ ይሰማል)

ተራኪ፦ የሸማኔ ሥራ የሚጀምረው ዕቃው ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው። መጀመሪያ ድሩ ይደራል። በግቢ ወይም በመንደሩ ክፍት ቦታ ችካል ይተከልና ክሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይዘረጋል። ሚስት ወይም ወንድም አብሮ ይይዛል። የተበጠሰ ካለ ይቀጠላል፣ የላላ ካለ ይጠብቃል። እዚህ ላይ የታለፈ ጉድለት በኋላ ጨርቁ ላይ ይወጣልና ማንም አይቸኩልም።

አሁን ወደ ዕቃው እንቅረብ። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። መርገጫዎቹን በእግር ጣቶቹ ይዟል። ቀኙን ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ወደ ላይ፣ ገሚሱ ወደ ታች። በተከፈተው አፍ ውስጥ ማጉን የያዘችው መወርወሪያ ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሹልክ ትላለች። ወዲያው ጥርሳማውን መምቻ ወደ ደረቱ ይስብና አዲሱን ማግ ከቀደመው ጋር ያጠጋጋዋል። ከዚያ ግራውን ይረግጣል፤ መወርወሪያዋ ትመለሳለች። የሸማውን ስፋት የሚወስነው ክንዱ ነው። በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው መቀበል ከሚችለው በላይ አይሰፋም። ጋቢና ነጠላ ሲሠራ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን የሚሰፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ሥራው የጣት ነው። ሸማኔው የድሩን ክር እየቆጠረ ያነሣል፤ አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ቀዩን ክር ከሥሩ ያሾልካል፤ ይመታል፤ እንደገና ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ንድፉ በወረቀት አልሰፈረም፤ በቃሉ ነው የሚያውቀው። አንድ ክር ከተዘለለ የመስቀሉ ቅርጽ ይጣመማል፤ የተሠራው ተፈትቶ ድጋሚ ይሠራል። ጥለት የሌለው ጋቢ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ሲችል፣ ሰፊ ጥለት ያለው የሙሽራ ቀሚስ ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

(ድምፅ፦ ምቱ ይቆማል፤ የሴቶች ጨዋታ ከርቀት ይሰማል)

ተራኪ፦ ጥሩ ፈትል ከሌለ የሸማኔው ብልሃት ብቻውን ጋቢ አይሆንም። ፈትል ደግሞ የሴቶች ሙያ ነው። ደጋው ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጡ ከቆላ መጥቶ በገበያ ይሸመታል። ፍሬው ተዳምጦ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ልቃቂት ይሆናል። አንዲት ሴት ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል ከቤት ሥራዋና ከገበያዋ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ትሰጠዋለች። የሸማኔው ስም ሲነሣ የእሷም ሊነሣ ይገባል።

ዛሬ አብዛኛው የገበያ ልብስ በፋብሪካ ክር ነው የሚሠራው። ሸማኔው ገንዘብ ሲያጥረው ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ልብሱን ሠርቶ ያስረክባል፤ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ነጋዴው ሱቅ ውስጥ የሚጠራው ዋጋና ሸማኔው እጅ የሚገባው ገንዘብ ይራራቃሉ። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ገበያው ይቀዘቅዛል። የጥለት ሥዕል የታተመበት የውጭ አገር ጨርቅ ደግሞ በርካሽ ይቀርባል። ሸማኔው ሳምንት የሚቆጥርለትን ጥለት ማሽን በደቂቃ ያትመዋል፤ ገዢውም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

ሊድበሰበስ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። ሙያ ትማራላችሁ፣ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ላይ እንዲውሉ የተደረጉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ሙያውን የሚወድ ሁሉ ይህን ሊጸየፍ ይገባል። ሽመና ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ መልካም ነው፤ መተላለፍ ያለበት ግን ከደብተሩ ሳይነጠል፣ ከጨዋታው ሳይጎድል ነው።

(ሙዚቃ፦ የጋሞ ዜማ፣ ዝግ ብሎ)

ተራኪ፦ እንቁጣጣሽ አለፈ። የታዘዘው ተረከበ። አሁን ዕቃው ላይ የተወጠረው ድር የሚሸጥ አይደለም።

ለዶርዜ ሸማኔ የዓመቱ ታላቅ በዓል ማስቃላ ነው። መስከረም 17 በመላ ኢትዮጵያ የሚከበረው መስቀል በጋሞ ምድር የዘመድ መሰባሰቢያ፣ የዕርቅና የአዲስ ዓመት መንፈስ ያለው በዓል ነው። ሸማኔው ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ የሚጥለው ለዚህ ቀን ነው። መንደሩ የቀሩት ወንዶች ለቅርጫው በሬ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሴቶቹ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ከሄደበት የማይመለስ ልጅ ቢኖር የቤቱ በዓል ይጎድላል። ለዚህ ነው ሸማኔው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ካስረከበ በኋላ እንቅልፉን ቆርጦ የቤቱን ልብስ የሚሠራው።

የቤት ልብስ ሲሠራ ሸማኔው የሚያደርገው ጥንቃቄ ይለያል። ለገበያው ዋጋ የሚመጥን ክር ይመረጣል፤ ለአባት የሚሠራው ጋቢ ግን ፈትል ይሁን ይባላል። አንዳንዱ እናቱ በእጇ ፈትላ በመንገደኛ የላከችለትን ልቃቂት አስቀምጦ ይቆያል። ከዶርዜ የወጣው ማግ ሽሮ ሜዳ ተሸምኖ ጋቢ ሆኖ ወደ ፈታይዋ ቤት ይመለሳል። እናትና ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተለያይተው ሲሠሩ ቆይተው በአንድ ጨርቅ ላይ ይገናኛሉ።

ለአባት ጋቢ፤ አራት እጥፍ፣ የደጋውን ብርድ የሚመክት። ለእናት ነጠላ፤ ጥለቱ ቀጭን፣ ለገበያም ለቤተ ክርስቲያንም የሚሆን። ይህቺው ነጠላ ኀዘን ሲመጣ ጥለቷ ወደ አንገት ተገልብጦ ትለበሳለች፤ ስለዚህ ልጅ ለእናቱ ነጠላ ሲሠራ ለደስታዋም ለለቅሶዋም እያሰበ ነው። ለታናሽ ወንድም ዱንጉዛ፤ ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሩ ከሩቅ የሚለየው የዶርዜ ሱሪ። ለተወለደ ሕፃን መታቀፊያ፤ ለስላሳ፣ ክሩ የማይኮሰኩስ። ሲጨርስም ዘርፉን አንድ በአንድ ይቋጫል። ለሚሸጠው ልብስ ይህን የሚሠራለት ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የቤቱን ግን ራሱ ይቋጨዋል።

(ድምፅ፦ የመናኸሪያ ጥሪ፣ የአውቶቡስ ሞተር)

ተራኪ፦ መስከረም አጋማሽ ላይ ወደ ደቡብ የሚሄዱ አውቶቡሶች ይሞላሉ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወላይታ ሶዶ አልፎ አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በየመታጠፊያው አባያና ጫሞ ሐይቆች ከታች ይታያሉ። ከዚያ ቀርከሃው ይጀምራል፤ ብርዱም ይጀምራል።

የዶርዜ ቤት ራሱ የእጅ ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ሸማ እየተላለፈ ይጠለፋል፤ ከላይ በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ልባስ ይከደናል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ታችኛው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። በዚህ ዓይነት አንድ ቤት ለአሥርታት ዓመታት ይኖራል። ባለቤቶቹ ሲያረጁ ቤቱም አብሯቸው እያጠረ ይሄዳል።

(ድምፅ፦ የበዓል ዘፈን፣ ጭብጨባ)

ተራኪ፦ ዮ ማስቃላ! ከየደጁ የሚሰማው ሰላምታ ይህ ነው። የተጣላ ታርቋል፤ ሽማግሌ ገብቶበት በዓሉ ሳይደርስ ነገሩ በርዷል። ቅርጫው ተከፋፍሏል። ቆጮው ከዳጣና ከማር ጋር ይቀርባል። በዓመቱ ውስጥ ያገቡ ሙሽሮች አምረው ገበያ ይወጣሉ፤ ሕዝብ ያያቸዋል፣ ይመርቃቸዋል። ከከተማ የመጣው ሸማኔ ሻንጣውን ሲከፍት ልጆች ይከቡታል። አባት ጋቢውን ይቀበልና ዳር ዳሩን በጣቱ ይዳስሳል። እሱም ሸማኔ ነበር፤ የምቱን ጥብቀት በጣቱ ያውቀዋል። ከዚያ ምርቃቱ ይወርዳል፤ እጅህ ይባረክ፣ ወልደህ ሳም።

የበዓሉ ጨዋታ ከሳምንት በላይ ይዘልቃል። የጥቅምት ሠርግ ትዕዛዝ የተቀበለ ሸማኔ ግን እስከ ፍጻሜው አይቆይም። ቀብድ ወስዷል፤ ቀን ተቆርጦለታል። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ የቋጠረችለትን ይዞ ሽቅብ የወጣውን መንገድ ይወርዳል።

(ሙዚቃ፦ መደምደሚያ)

ተራኪ፦ የመስቀል በዓል አከባበራችን በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። ደስ ይላል። በዓሉን የምናደምቅበትን ልብስ የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ናቸው፤ እነሱን ለመጠበቅ መዝገብ አያስፈልግም። እኛ አስበን መግዛታችን ይበቃል።

የእጅ ሥራ ዋጋው ጊዜ ነው። ጋቢ ስንገዛ የሸማኔውን ቀናትና የፈታይዋን ምሽቶች እየገዛን ነው። ያለ መጠን ተከራክረን ያስቀነስነው ገንዘብ ከሌላ ከየትም አይመጣም፤ ሸማኔው ለቤቱ ልብስ ሊሠራባት ካሰባት ሌሊት፣ ከዘመድ ጋር ሊቆይ ካሰበው ቀን ይቀነሳል። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ በመጪው በዓል ሽሮ ሜዳ ስትወጡ ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ባለ ቀለሙ ክር በጀርባውም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ወይም ባዶ ነው። የሠራውን ሰው ጠይቁ፤ ከተቻለ ከራሱ እዘዙ። ጊዜ ስጡት፤ ለነገ ድረስልኝ አትበሉት። የተስማማችሁበትን ዋጋ በሰዓቱ ክፈሉት። ሲያስረክባችሁም እጅህ ይባረክ በሉት፤ ይገባዋል።

መልካም በዓል። ዮ ማስቃላ!