ሚሼል ዋርሎፕ፦ ቀደምቱ የፈረንሳይ ጃዝ ቫዮሊኒስት

በፈረንሳይ የጃዝ ታሪክ ቫዮሊን ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የስቴፋን ግራፔሊ ስም ቢሆንም፣ በዚያው ዘመን በፓሪስ የተጫወተው ሚሼል ዋርሎፕ (1911–1947 እ.ኤ.አ.) ያገኘው ዕውቅና ከሥራው ክብደት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። በሰሜን ፈረንሳይ በዱዌ ከተማ የተወለደው ዋርሎፕ በኮንሰርቫቱዋር፣ ማለትም የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ በጥብቅ ሥርዓት በሚያስተምር ተቋም፣ ገና በልጅነቱ ተሸላሚ የነበረ ሲሆን፣ ይጠብቀው የነበረውም የኮንሰርት አዳራሽ እንጂ የጭፈራ ቤት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በ1920ዎቹ መጨረሻ ግሬጎር ይመራው ወደነበረው የጃዝ ባንድ ገባና በዚያ ፒያኖ ይጫወት ከነበረው ከግራፔሊ ጋር ተዋወቀ። የባልደረባውን የቫዮሊን ተሰጥኦ ከልቡ ያደነቀው ዋርሎፕ ከቫዮሊኖቹ አንዱን ሰጠው፤ መሣሪያውም በኋላ ለጃዝ ቫዮሊኒስቶቹ ለዣን ሉክ ፖንቲ፣ ቀጥሎም ለዲዲዬ ሎክዉድ ተላልፏል።

ቫዮሊን በጃዝ ውስጥ የሚገጥመው ችግር የድምፁ መለሳለስ ነው፤ መለከትና ሳክስፎን በአንድነት ሲነፉ በቀላሉ ይዋጣል። ግራፔሊ ይህን ያለፈው በጊታር በታጀበ አነስተኛ ቡድን ውስጥ በመጫወት ሲሆን፣ ዋርሎፕ ግን በኮንሰርቫቱዋር ያዳበረውን ሙሉና ብርቱ የቀስት አመታት ይዞ ትልልቅ ባንዶችን መራ። በ1935 በስሙ በተቀረጹት ሸክላዎች ላይ አሜሪካዊው የሳክስፎን ሊቅ ኮልማን ሆኪንስ፣ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርትና በፒያኖ ግራፔሊ ተሳትፈዋል። በ1937 ደግሞ ዋርሎፕ፣ ግራፔሊና አሜሪካዊው ኤዲ ሳውዝ ሦስት ቫዮሊኖችን አንድ ላይ አሰምተዋል፤ ይህን ቅጂ የሰማ ሰው የዋርሎፕን አጨዋወት ስሜት የተሞላና አንዳንዴም እረፍት የለሽ ሆኖ ያገኘዋል።

ትልቁ ሥራው ግን የመጣው ከመከራ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሕመም ምክንያት ከተለቀቀ በኋላ፣ በ1941 ሰባት ባለ ክር መሣሪያዎችን ብቻ ያቀፈ ቡድን አቋቋመ። በዚህ ቡድን ውስጥ ቫዮሊን የትንፋሽ መሣሪያዎችን የሚከተል ጌጥ መሆኑ ቀርቶ፣ ስዊንግ የሚባለውን የጃዝ ወዝዋዥ ምት ራሱ የሚሸከም ሆነ። በ1942 የተቀረጸው «ስዊንግ ኮንሰርቶ» ደግሞ ክላሲካሉን የኮንሰርቶ ቅርጽ፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ከመላው ኦርኬስትራ ጋር የሚነጋገርበትን ድርሰት፣ ከጃዝ ጋር ያጣመረ ደፋር ሙከራ ነው። ዋርሎፕ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ባኜር ደ ሉሾን በ36 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ግራፔሊ ገና ከአርባ ዓመት በላይ የሚሆን የመድረክ ዘመን ይጠብቀው ነበር፤ የሁለቱ ዝና መራራቅም በእጅጉ የመነጨው ከዚህ የዕድሜ ርዝመት ልዩነት ነው።