ቀትር ላይ የሚሞላው ሮቶ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶው ቀትር ላይ በራሱ ይሞላል ቢባል የሚያምን የለም። የሮቶውን የውሃ ልክ የማጠራቅምበት ግራፍ ግን በየቀኑ ይህንኑ ይለኝ ነበር። ረፋድ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይጀምራል፤ ከቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ሲመሽ ይወርዳል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ማታ ከነበረበት በታች ወርዶ ይገኛል።

እናቴ ስልኳን አይታ ወዲያው ነቃችበት። «ልጄ፣ እኛ ቤት ውሃ ቀን መጥቶ አያውቅም። የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ቧንቧው ሲያፏጭ እኮ ተኝቼ እሰማዋለሁ» አለችኝ።

እሷ የውሃውን ልክ የምታውቀው ሮቶውን ከጎኑ በእጇ እያንኳኳች ነበር። ባዶው ያስተጋባል፤ ውሃ የያዘው ድምፁ ይታፈናል። ሮቶው ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ግን መሰላሉ ለጉልበቷ አልሆነም። ስለዚህ ክዳኑ ሥር የድምፅ ሴንሰር ገጠምኩ፤ ሴንሰሩን ከአንዲት ትንሽ ዋይፋይ ሰሌዳ ጋር አገናኘሁ፤ ቁጥሩን እህቴ ከአሜሪካ በላከችላት አይፎን ላይ የሚያሳይ የሆምብሪጅ ፕለጊን ጻፍኩ። ዛሬ ልብስ ይታጠብ ወይስ ለነገ ይቆይ የሚለውን ወጥ ቤት ቆማ እንድትወስን ነበር ሐሳቤ።

ሆምብሪጅ ራሱ የግኝት ውጤት ነው። አፕል የቤት ዕቃዎችን ከስልክ ጋር የሚያገናኘውን ሆምኪትን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያስተዋውቅ፣ የመነጋገሪያው ደንብ የሚሰጠው ውል ለፈረሙ አምራቾች ብቻ ነበር፤ እነሱም የማረጋገጫ ቺፕ ዕቃቸው ውስጥ መግጠም ነበረባቸው። ቤቱ ውስጥ ሰሌዳ ለሚበይድ ሰው በሩ ዝግ ነበር። ሆኖም አሌክስ ስካሎዙብ የተባለ ሰው ዕቃው በበኩሉ ምን ብሎ እንደሚመልስ ፈልቅቆ አወጣ፤ ካኦስ ቲያን ያንን በኖድ ጄኤስ ጻፈው፤ ኒክ ፋሪና ደግሞ በዚህ ላይ ሌሎች ዕቃዎችን ከሆምኪት ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ሆምብሪጅን፣ ገነባ። አፕል ደንቡን ለንግድ ላልሆነ ሥራ ይፋ ያደረገው በ2017 ነው። የፈለቀቁት ነገር ቀላል አልነበረም። ስልክና ዕቃ ሲተዋወቁ የሚጻፈው ባለ 8 አሃዝ ኮድ በአየር ላይ ጭራሽ አይላክም፤ ሁለቱም ኮዱን እንደሚያውቁ በሒሳብ ብቻ ይረጋገጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ሁሉ የተመሰጠረ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እዚያው ቤት ውስጥ ባለው ዋይፋይ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ እናቴ ሮቶዋን ታያለች። ይህን የመሰለ ነገር በነፃ ለሰጡን ሰዎች ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሆምብሪጅ የሁሉንም ዕቃ ፕሮግራም በአንድ ማኅደር ውስጥ ያከማች ነበር። ያ አላዋጣም። በ2015 ፕለጊኖቹ ተለይተው ወጡ፤ አሁን እያንዳንዱ ፕለጊን ስሙ በ«ሆምብሪጅ» ጀምሮ ኤንፒኤም በተባለው የጃቫስክሪፕት ግምጃ ቤት የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው። ሥራው ማስተርጐም ነው። ስልኩ የሆምኪትን ቋንቋ፣ ዕቃው የራሱን ይናገራል፤ ፕለጊኑ መሐል ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሆምኪት የሚያውቃቸው የዕቃ ዓይነቶች ዝርዝር አለ፦ አምፖል፣ መቆለፊያ፣ የጋራዥ በር፣ አየር ማጣሪያ፣ የሣር ማጠጫ፣ እርጥበት መስጫ። የውሃ ማጠራቀሚያ የለም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ውሃ በሚፈስበት ቤት የሚኖሩ መሆናቸው ያስታውቃል። የውሃ ከፍታ የሚባል መለኪያ አለ፤ ግን የእርጥበት መስጫው ንብረት ነው፤ እሱን ከመረጥኩ እናቴ ስልክ ላይ ሮቶው የሚበራና የሚጠፋ ማሽን ሆኖ ይመጣል። በመጨረሻ ከ0 እስከ 100 በመቶ የሚያሳየውን የእርጥበት ሴንሰር መረጥኩና «ሮቶ» የሚል ክፍል ለብቻው ከፈትኩለት። አማራጭ ስላጣሁ እንጂ ወድጄው አይደለም። የሮቶ፣ የጀነሬተር፣ የፈረቃ ዓለም በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ሮቶ ያለው ቤት በዓለም ላይ ጥቂት ነው እንዴ?

ሌላው ጥያቄ ጊዜ ነበር። ስልኩ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ፕለጊኑ ከ3 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ሆምብሪጅ ያስጠነቅቃል፤ 9 ሰከንድ ሲሞላ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ፕለጊኑ ጣራ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ጠይቆ አይጠብቅም፤ የመጨረሻውን ንባብ ይዞ ይመልሳል፤ አዲስ ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የቀትሩ ውሃ አልቀረም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው፤ ሲሞቅ ያብጣል። ግን ከ20 ወደ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚያብጠው ሩብ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከ1,000 ሊትር ላይ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ። ግራፉ የሚያሳየው ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ነበር። ፕላስቲኩ ሙቀት ለጥጦት ይሆን? ሮቶው ወደ ጎን ከሰፋማ ውሃው ዝቅ ማለት ነበረበት እንጂ ከፍ አይልም። የሌሊቱ መውረድ ደግሞ ቧንቧው የሚያፈስ አስመስሎ እናቴን አሳስቧት ነበር። ስለዚህ የሮቶውን መውጫ ዘጋሁና ሴንቲ ሜትር የተሰመረበት ረጅም ዘንግ ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ለካሁ፤ ቀትር ለካሁ፤ ማታ ለካሁ። ዘንጉ ላይ ውሃው ንቅንቅ አላለም። ሴንሰሩ ግን ያንኑ መውጣትና መውረድ ደገመ።

እንግዲህ የሚለወጠው ከውሃው በላይ ያለው ነገር ነው። ከውሃው በላይ ያለው ደግሞ አየር ብቻ ነው።

ሴንሰሩ ርቀት አይለካም፤ ጊዜ ነው የሚለካው። ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ማይክሮሰከንድ ይቆጥራል። ያንን ወደ ሴንቲ ሜትር የሚለውጠው የሰሌዳዋ ኮድ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ አንዲት ቁጥር ተቀምጣለች፦ ለ58 አካፍል። ይቺ 58 በየመማሪያው፣ በየናሙናው ኮድ ትገኛለች፤ ለምን 58 እንደሆነች የሚነግር ግን እምብዛም አይገኝም። ወደ ኋላ ሲሰላ ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው አየሩ ከ22 እስከ 23 ዲግሪ ሲሆን ነው። ድምፅ በ0 ዲግሪ 331 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ይጨምራል። ቤታችን ያለበት የአዲስ አበባ ከፍታ እዚህ ጣልቃ አይገባም፤ ወሳኙ የሙቀት መጠኑ ነው።

ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ሲውል ክዳኑ ሥር ያለው አየር ይግላል። 50 ዲግሪ ከደረሰ ድምፁ በሰከንድ 361 ሜትር ይሮጣል፤ ከ1 ሜትር ርቀት ቶሎ ይመለሳል፤ 58 ደግሞ ያንን 95 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብላ ታነበዋለች። ውሃው አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል የወጣ ይመስላል። ወርዱ 1 ሜትር በሆነ ሮቶ ይህ 35 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ውሃ፣ የሌለ ውሃ። ሌሊት አየሩ 8 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ይዘገያል፤ ውሃው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወርዶ ይታያል። ያፈሰሰ ቧንቧ አልነበረም።

ውሃ የማይገባው የሙቀት ሴንሰር ገዝቼ ከክዳኑ ሥር አየሩ ውስጥ አንጠለጠልኩ፤ ሰሌዳዋም በ58 ፈንታ እሱ በሚለካው ዲግሪ እንድታሰላ አደረግኩ። በዚያን ቀን መስመሩ ቀትርን ቀጥ ብሎ አለፈ። ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ፕለጊኑን ለሌሎች ለማውጣት ስዘጋጅ ይህ ግኝት የአሠራሩን መልክ ለወጠው። ሒሳቡን ሰሌዳዋ ላይ ብተወው፣ ፕለጊኑ የሚደርሰው አንዴ ተፈርዶበት ያለቀ ቁጥር ነው፤ ስህተት ቢኖር ጣራ ወጥቶ ኮድ መቀየር ይጠይቃል። ስለዚህ ሰሌዳዋ ጥሬውን እንድትልክ አደረግኩ፦ ማይክሮሰከንዱንና ዲግሪውን ብቻ። ወደ ሊትር የሚለውጠው ፕለጊኑ ነው። የሮቶው ቁመት፣ ወርዱና ሴንሰሩ የተገጠመበት ከፍታ በሆምብሪጅ ማስተካከያ ገጽ ላይ በቅጽ ይሞላሉ። አዳማ ያለ ሮቶና ደብረ ብርሃን ያለ ሮቶ አየራቸው አንድ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ፕለጊን በትክክል መነበብ አለባቸው።

ማውጣቱ ራሱ አንድ ትእዛዝ ነው። ከትእዛዙ በፊት ያለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኤንፒኤም ላይ አንዴ የወጣ የስሪት ቁጥር ቢሰረዝም ተመልሶ ለሌላ ኮድ አይውልም። ሆምብሪጅ አረጋግጫለሁ ብሎ ምልክት የሚሰጠውም ፕለጊኑ ሲሳሳት ሌላውን ሁሉ ይዞ የማይወድቅ፣ ተጠቃሚውንም የማይከታተል ሲሆን ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ልቤን ይነካዋል። አንድ ቤት መቼ ውሃ እንደሚጠቀም ያወቀ፣ ሰው መቼ ቤት እንዳለና እንደሌለ ያውቃል፤ ያ ቁጥር ከቤቱ ዋይፋይ መውጣት የለበትም።

ፕለጊኑ ወጣ። በመመሪያው ላይ፣ አጫጫኑ እንኳ ከመገለጹ በፊት፣ በደማቁ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ የሙቀት ሴንሰሩን ከክዳኑ ውጭ ፀሐይ ላይ አታስሩ፤ ድምፁ በሚያልፍበት አየር ውስጥ፣ ከውሃው በላይ አንጠልጥሉት።