መሣሪያ መያዝ መብት ነው ወይስ ፈቃድ?

“መሣሪያ መያዝ መብቴ ነው” የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፡፡ ይህ መብት የተጻፈው የት ላይ ነው? አብዛኛው ሰው የሚመልስልኝ አባቱንና አያቱን እየጠቀሰ እንጂ አንቀጽ እየጠቀሰ አይደለም፡፡ የክርክሩ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነውና ከሕጉ እንጀምር፡፡

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት መብቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፡፡ የሕይወት፣ የአካል ደኅንነት፣ የንብረትና ሌሎችም መብቶች አሉበት፤ መሣሪያ የመያዝ መብት ግን የለም፡፡ ሕገ መንግሥቱ ስለ ጦር መሣሪያ የሚያነሳው የፌዴራል መንግሥቱን ሥልጣን በሚዘረዝረው አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 ላይ ነው፡፡ በዚህም ስለ መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል፡፡ በሕግ ቋንቋ ልዩነቱ ትልቅ ነው፡፡ መብት ከሆነ መከልከሉ ትክክል መሆኑን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው፡፡ ፈቃድ ከሆነ ግን መስፈርቱን ማሟላቱን ማስረዳት ያለበት ጠያቂው ነው፡፡

አሜሪካውያን ከዚህ በተቃራኒው ቆመዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ የሕዝብን መሣሪያ የመያዝ መብት ይጠቅሳል፡፡ መብቱ የሚሊሺያ ነው ወይስ የግለሰብ የሚለው ክርክር ረጅም ዘመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የሄለር ጉዳይ በተሰኘው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ የግለሰብ መብት ነው ሲል ወሰነ፡፡ የወደቀውም በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ዲሲ የሽጉጥ ክልከላ ነበር፡፡ በዚያ አገር ቁጥጥር በመጣ ቁጥር ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚያድረው ለዚህ ነው፡፡

በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የፈቃድን መንገድ ተከትሏል፡፡ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር ያስቀጣል፡፡ በልማድ መሣሪያ የሚያዝባቸው አካባቢዎች መኖራቸውንም አዋጁ አልዘነጋም፡፡

“ታዲያ ራሴን በምን ልከላከል?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፡፡ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያውቃል፡፡ ነገር ግን አንቀጹ የሚፈቅደው ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መከላከልን ነው፤ አስቀድሞ መታጠቅን አይደለም፡፡ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው፡፡

ይህን ሁሉ ብለን ግን ገበሬው ለምን በሬውን ሸጦ ጠመንጃ እንደሚገዛ ካልተረዳን ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፡፡ ዓድዋ ላይም ሆነ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ትግል አገር የቆመው መሣሪያውን ይዞ በወጣ ሰው ጭምር ነው፡፡ ከዚህ ክብር በላይ ደግሞ ሥጋት አለ፡፡ ፖሊስ ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ወረዳ ማንም ጎረቤቱ መሣሪያውን ሳያስረክብ ቀድሞ አያስረክብም፡፡ ጎረቤቱም የሚጠብቀው እሱኑ ነው፡፡ አንዱን ወገን ብቻ ማስፈታት ደግሞ ሰላም አያመጣም፤ የሚሞተውን ወገን ይለውጣል እንጂ፡፡

መንግሥትም ቢሆን ሁለት ቋንቋ ሲናገር ታይቷል፡፡ አዋጁ በወጣ በዓመቱ ሳይሞላ ጦርነት ተቀሰቀሰ፡፡ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን ለመጠበቅ እንዲዘጋጁ ጥሪ አቀረበ፡፡ የምዝገባ ጥሪው ከቁጥጥር ሕጉ ጋር አይጋጭም፡፡ ሕዝቡ የሰማው መልእክት ግን “ክፉ ቀን ሲመጣ መሣሪያህ ይፈለጋል” የሚል ነበር፡፡ እንዲህ የተባለ ሰው በማግሥቱ አስረክብ ቢሉት የሚያምነው ማንን ነው?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉባት በኋላ ሕጓን አጠበቀች፤ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያም ከባለቤቶቹ ሰበሰበች፡፡ ዋጋውንም ከፈለች፤ ለዚሁ የሚሆን ጊዜያዊ ግብር ጣለች፡፡ ባለቤቱ መሣሪያውን ሲያስረክብ ግን ሌሊቱን በሰላም እንደሚያድር እርግጠኛ ነበር፡፡ እኛ የጎደለን ይኼኛው ነው፡፡

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፡፡ መሣሪያ መያዝ በአገራችን ሕግ መብት አይደለም፤ እንዲሆንም አልመኝም፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 ላይ የተጻፈው ከአካል ጉዳት የመጠበቅ መብት ግን መብት ነው፤ ባለዕዳውም መንግሥት ነው፡፡ ዕዳውን ሳይከፍል መያዣውን የሚጠይቅ ባለዕዳ የለም፡፡ ስለዚህ ምዝገባው ሁሉንም ወገን በአንድ ጊዜ ይንካ፤ አስረካቢው ካሳ ያግኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ከወረዳው ሰው ሲጮህ የሚደርስለት ፖሊስ ይኑር፡፡ ያኔ ጠመንጃው ቢያንስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፡፡