ለምጽን የሚፈውሰው ብርሃን ስለሚያመጣው ጥቁረት

የሰውነት ተከላካይ ኃይል ጠላት መስለውት ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ረቂቃን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣው ለምጽ፣ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አንዱን ያህል የሚያገኝና በመነካካትም ሆነ በአንድ ማዕድ በመብላት የማይተላለፍ ደዌ ሲሆን፣ ጠይም በሆነው በእኛ ገላ ላይ ግን ከሩቅ ስለሚታይ ድውዩን ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይን ያሳቅቀዋል።

ከፈውሱ መንገዶች አንዱ ብርሃን ነው። ግብፃዊው ሐኪም ኤል ሞፍቲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940ዎቹ ከአገሩ የዱር ተክል የወጣ ቅመምን ከፀሐይ ጋር አስተባብሮ ለምጽን ማከም ከጀመረ ወዲህ ጥበቡ እየረቀቀ ሄዶ፣ ዛሬ ሐኪሞች አብዝተው የሚመርጡት 311 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን የአልትራቫዮሌት ጨረር በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለብዙ ወራት መስጠትን ነው።

ይህ ጨረር ግን ነጩን ብቻ ለይቶ ስለማይነካ፣ ሕዋሳቱ ያልጎደሉበት ጤነኛው ቆዳ ፈጥኖ ሲጠቁር፣ በነጩ ላይ አዲሱ ቀለም ከጠጉር ሥር እንደ ጤፍ ቅንጣት ነጠብጣብ እየሆነ በዝግታ ስለሚወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለምጹ የባሰበት ይመስላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠውም በዚህ ጊዜ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል፤ ጥቁረቱ ሕክምናው ሲያበቃ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነውና። ጤነኛውን ገላ በልብስ ወይም በፀሐይ መከላከያ ቅባት መሸፈንም ይቀንሰዋል። ጠጉር የማይበቅልባቸው የጣት ጫፎችና ከንፈር ግን ለፈውስ እንቢተኞች ናቸው።

ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ለመድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚቀረው ሰው፣ ለዚህ ሕክምና ይህን መንገድ በየሳምንቱ መመላለስ ከባድ በመሆኑ፣ በጓሮው ያለውን ጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ቢያምረው አይፈረድበትም፤ ሆኖም የጤና አዳም ጭማቂ ከግብፁ ተክል ቅመም ጋር አንድ ወገን የሆነ ነገር ስላለው፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ ጨረሩም ከቆላው በሚበረታበት፣ ቆዳውን አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጠባሳ መሰል ጥቁረት ይተዋል፤ ቃጠሎው ራሱም አዲስ ለምጽ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለዚህ ሕክምናውን የጀመራችሁ ወገኖች፣ ቆዳችሁ ቢቀላ፣ ቢያቃጥላችሁ ወይም ውኃ ቢቋጥር ሳትዘገዩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ስለ ጠቆረ ብቻ ግን 6 ወር ሳይሞላው አልሠራም ብላችሁ አታቋርጡ።