የደሴ ድብደባና የደራሲ አደራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይህ ምሳሌ እውነት የሚሆነው ግን የተወጋው በሕይወት ሳለ ነው። የተወጋው ካረፈ በኋላ ቁስሉን የሚያስታውስለት ልጁ ነው፤ ልጁም ሲያልፍ የሚያስታውሰው መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፍ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ ወጊውም ተወጊውም እኩል ይረሳሉ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች የወሎን ዋና ከተማ ደሴን በቦምብ ከደበደቡ እነሆ ዘጠና ዓመት ያህል ሆነ። ስለዚህ ቀን ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ ቢገኝ አሳቡ የተመሰገነ ነው። ዳሩ ግን ልብ ወለድ የሚለው ስም ሁሉን ነገር ከልብ እንዲወልዱት ፈቃድ አይሰጥም። ደራሲ የባለታሪኩን ስም፤ የፍቅሩንና የጠቡን ነገር ከልቡ ሊያወጣ ይችላል። ቦምቡ የወደቀበትን ቀን፤ የተቃጠለውን ሰፈርና የሰውን አሟሟት ግን እንደ ወደደ ሊያደርገው አይገባም፤ ይህ ከእውነተኞች ሰዎች የተረከበው አደራ ነውና።

የነገሩ መሠረት የታወቀ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ዕለት ዐድዋና ዐዲግራት ከሰማይ ተደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሰሜኑ ጦር ግንባር ለመቅረብ በኅዳር ወር ደሴ ገቡ፤ ብዙ ቀንም ሳይቈዩ አይሮፕላኖቹ በጧት መጡ። ከጦሳ ተራራ በታች በተቀመጠችው ከተማ ላይ ከሚፈነዳው ቦምብ ጋራ የሚያቃጥለውም ተጣለ፤ ክዳኑ ሣር የሆነው ቤት ነደደ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኰሱ። በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም ስለ ሆስፒታሉ መመታት ፈርመው አቤቱታቸውን ወደ ዤኔቭ አስተላለፉ።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን ያጽና። የፈረንጆች መጻሕፍት ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ይላሉ። ይህን በዘወትሩ ስሌት የሚመልስ ሰው ኅዳር 27 ብሎ ይጽፋል፤ ይሳሳታልም። ምክንያቱም 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ሆና፤ የ1928 መስከረም በአንድ ቀን ዘግይታ ገብታለች፤ ስለዚህ ቀኑ ኅዳር 26 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ይጐዳል የሚል ቢኖር፤ ካህናት መልሱን ያውቁታል። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ጾመ ነቢያትም ከገባ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በዚያም ላይ ኅዳር 26 ከደሴ ሩቅ ያይደለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት የአቡነ ኢየሱስ ሞአ በዓል ነው። እንግዲህ ደራሲው ባለታሪኩን በዚያ ጧት ቍርስ ሲበላ ቢያሳየን ወይም በዓሉን ቢዘነጋው፤ የወሎ አንባቢ መጽሐፉን ከዚያው ገጽ ላይ ይዘጋዋል።

ቀጥሎ ምስክሮችን ይለይ። የውጭ አገር ጋዜጠኞች በዚያ ቀን በደሴ ብዙዎች ስለ ነበሩ ያዩትን ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል፤ ነገር ግን ቋንቋውን ስለማያውቁ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ሆስፒታሉ ሲተርኩ የከተማውን ሰው ስም አልጻፉም። በዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል የተላከው ዶክቶር ማርሴል ዡኖ በ1947 በኤውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የጦርነቱን ቍስለኞች ሥቃይ መዝግቧል፤ በኮረም አጠገብ በመርዝ የተቃጠሉት አቤት እያሉ ሲጮኹ መስማቱም በዚያው ይገኛል። ጃንሆይም በሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የዘመኑን ነገር ተርከዋል። ከጠላት ወገን ደግሞ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በአይሮፕላን ዘምቶ ነበርና በ1937 በኤውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ድብደባን እንደ ጨዋታ ቈጥሮ አወራ። ይህ መጽሐፍ የሚያስቈጣ ቢሆንም መነበብ ይገባዋል፤ ከላይ ሆኖ የሚጥል ሰው ከታች ያለውን እንዴት እንደሚያየው ያስረዳልና። ከላይ ጢስ ብቻ የሆነው ነገር ከታች ቤትና ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ታላቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ብዙ ሰው የዚያን ጦርነት ስም ሲሰማ የመርዙን ጋዝ ያስባል። ደራሲም አንባቢን ለማስደንገጥ ብሎ በደሴ ላይ ጋዝ ሊያዘንብ ይቃጣው ይሆናል። ነገር ግን በደሴ የወረደው ፈንጂና እሳት ነው፤ መርዙ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ላይ በተከዜ አጠገብ የተጣለው ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ ወር ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በኢጣልያ አገር ጋዝ መጣሉን የሚክዱ ሰዎች ለብዙ ዘመን ነበሩ። ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ የክህደቱን ወገን ይዞ ሲከራከር፤ ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ግን ከገዛ አገሩ መዝገብ ማስረጃ እያወጣ ተሟገተው። የኢጣልያ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርችዮኔ እውነቱን ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት የፈጀውን ክህደት ያሸነፈው የጩኸት ብዛት ሳይሆን የተጻፈ ማስረጃ ነው። ባልነበረበት ስፍራ ጋዝ የሚጨምር ደራሲ፤ ለወገኑ የተቈረቈረ ቢመስልም ለከሓዲ መሣሪያ ያቀብላል፤ አንዱ ሐሰት ሲገለጥ ዘጠኙ እውነት ይጠረጠራልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጐድለው የሟቾች ስም ነው። ይህም በሮማ ወይም በዤኔቭ መዝገብ ቤት አይገኝም፤ ቢገኝ የሚገኘው በደሴ ነው። በዚያን ዕለት የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእንዲህ ያለው ሽማግሌ ፊት የሚቀመጥ መርማሪ ያየኸው የትኛውን ነው፤ የሰማኸውስ የትኛውን ነው ብሎ በትሕትና ለይቶ ይጠይቅ፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራልና። ደሴ የክርስቲያንም የእስላምም ከተማ ስለ ሆነች የሸኩ ቃል እንደ ቄሱ ቃል መጻፍ አለበት። በአባቶች ልማድ የሞትና የተዝካር ነገር በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ እንዲህ ያለው አንድ መስመር ጽሑፍ ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ስለዚህ ሥራው የደራሲው ብቻ አይደለም። የደብር አለቃ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ መጻሕፍቱን ቢያስመለከት፤ የመዝገብ ቤት ሹም የቈየውን ወረቀት ምስጥ ሳይበላው ቢያስመረምር፤ የልብ ወለዱ ጸሐፊም የታሪኩ ጸሐፊም ይጠቀማሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ለቴዎፍሎስ የጻፈለት ከመጀመሪያው ያዩትን ተከትሎ፤ ሁሉንም በጥንቃቄ መርምሮና በተራ አድርጎ ነው። ለቅዱሱ መጽሐፍ ምርመራ ካስፈለገ፤ ለሰው መጽሐፍ እጅግ ያስፈልጋል።

በደሴ የተቃጠሉት ሰዎች በሕይወታቸው ሳሉ የሚጮኽላቸው አላገኙም፤ የመንግሥታት ማኅበርም አቤቱታቸውን ሰምቶ አላዳናቸውም። ዛሬ የሚቀርላቸው በእውነት መጻፍ ብቻ ነው። ይህንንም የሚነፍጋቸው የገዛ አገራቸው ደራሲ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።